የጥርስ ራጅ፦ አፍ ውስጥ የሚገባው ወይስ ዙሪያ የሚዞረው?

ሐኪም የጥርስ ራጅ ሲያዝ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን ነው። አንደኛው አፍ ውስጥ በሚገባ ትንሽ ፊልም ወይም ሴንሰር ይነሳል። ሌላው ፓኖራሚክ ነው፤ ማሽኑ ጭንቅላት ዙሪያ እየዞረ መላውን መንጋጋ ያነሳል።

አፍ ውስጥ ለሚገባው ትንሹ ራጅ፣ ታካሚው ይቀመጣል፣ ጭንቅላቱን ያስደግፋል፣ መያዣውን ይነክሳል። ፈተናው ማቅለሽለሽ ነው። በአፍንጫ ቀስ ብሎ መተንፈስ በጣም ያግዛል፤ ከፊት ጥርስ መጀመርም እንዲሁ።

ፓኖራሚክ ግን ዝግጅት ይፈልጋል። ሎቲ፣ የአንገት መስቀል፣ መነጽር፣ የፀጉር ሽቦ፣ ተነቃይ ጥርስ ሁሉ ይወልቃል። ያልወለቀ ሎቲ በተቃራኒው ጎን ጥላ ሆኖ ይወጣል! ታካሚው አንገቱን ቀጥ አድርጎ ይቆማል፣ በፊት ጥርሶቹ መንከሻውን ይይዛል። ከዚያ 15 ሰከንድ ገደማ ንቅንቅ የለም። ብዙ ሰው የሚረሳው ምላሱን ነው። ላንቃ ላይ ካልተለጠፈ የላይኞቹ ጥርሶች ሥር በጥቁር ጥላ ይሸፈናል፣ ራጁም ሊደገም ይችላል። ድጋሚ ማለት ደግሞ ተጨማሪ ጨረር ነው። ጨረር የሚከለክለው የአንገት እርሳስ (ሊድ የተባለው ብረት) መከላከያም እዚህ አይደረግም፤ ምስሉን ይጋርዳል።

አንድ ጥርስ ብቻ ካመመ እኔ ትንሹን እመርጣለሁ፤ ዝርዝሩን አጥርቶ ያሳያል። ለመንጋጋ ስብራትና ላልበቀለ የአእምሮ ጥርስ ፓኖራሚክ ይሻላል። እርጉዝ የሆነች ሴት ግን ለየትኛውም ቢሆን አስቀድማ ትናገር።