ጠርሙሱና ዱቄቱ፦ ለካንሰር ታማሚ የቱ ይሻላል?

ለአባቴ ሁለት ነገር ገዝተን ነበር። አንዱ ተዘጋጅቶ በጠርሙስ የሚመጣ ባለ 200 ሚሊ ሊትር አልሚ መጠጥ ነው፤ ሌላው ጣዕም የሌለው፣ ከወተት የሚወጣ የዌይ ፕሮቲን ዱቄት። ያዋጣን ጠርሙሱ ነው።

ዱቄቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም። በአንድ ማንኪያው 20 ግራም ፕሮቲን አለው፣ ካሎሪው ግን 100 ገደማ ብቻ ነው። ጠርሙሱ ያንኑ 20 ግራም ከ300 ካሎሪ ጋር ይሰጣል፣ ቫይታሚኑና ማዕድኑም አብሮ አለ። ለካንሰር ታማሚ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1 ግራም በላይ፣ ከተቻለ እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲንና ከ25 እስከ 30 ካሎሪ ይመከራል። አባቴ 50 ኪሎ ናቸው፤ እስከ 75 ግራም ፕሮቲንና ቢያንስ 1250 ካሎሪ ያስፈልጋቸዋል ማለት ነው። ሁለቴ ጎርሶ "በቃኝ" የሚል ሰው ዱቄት ብቻ ቢጠጣ፣ ሰውነቱ ጉልበት ሲያጥረው ፕሮቲኑንም ያነደዋል።

ኬሞው (የካንሰር መድኃኒቱ) አፋቸውን ብረት ብረት ስለሚያሰኛቸው ቫኒላው አልተዋጠላቸውም፣ ጣፋጭነቱም በዛባቸው። የቡና ጣዕም ያለውን ወደዱት። የምሰጣቸው በአንዱ ምግብና በሌላው መሃል ነው፣ ፉት ፉት እያሉ ይጨርሱታል። ገበታ ሊቀርብ ሲል ከጠጡት ሆዳቸው ይሞላና ምግቡ ይቀራል። ቀዝቀዝ ሲል ሽታው ስለሚቀንስ ለብዙ ታማሚ ይቀላል። ኦክሳሊፕላቲን የሚባለውን የኬሞ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ከመድኃኒቱ በኋላ ባሉት ቀናት ቀዝቃዛ ነገር ጣቱንና ጉሮሮውን ሊወጋው ይችላል። አባቴም እንደዚያ ስለሚሆኑ በነዚያ ቀናት ፍሪጅ ውስጥ አላስገባውም።

ዱቄቱን ሾርባ ላይ እንጠቀምበታለን። መጀመሪያ በትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ አሽቼ፣ ሾርባው ለብ ሲል እጨምረዋለሁ፤ የሚፈላ ላይ ከገባ ጓል ይሆናል። ላክቶስ (የወተት ስኳር) የማይስማማው ሰው ላክቶሱ እጅግ ያነሰውን፣ አይሶሌት የሚባለውን ይበልጥ የተጣራ የዌይ ዱቄት ይፈልግ። ለስፖርተኛ ተብሎ ካፌይን የተጨመረበትን አትግዙ። ኩላሊቱን የሚያመው ካለ ደግሞ መጠኑን ሐኪሙ ይወስንለት።

ተአምር አትጠብቁ። ካንሰሩ ራሱ በሚያስነሳው ብግነት (የሰውነት መቆጣት) ጡንቻ ስለሚያልቅ፣ መጠጥ ብቻውን የሄደውን ሁሉ አይመልስም። የአባቴ ኪሎ አልጨመረም፤ መውረዱን ግን አቁሟል። ለእኔ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ኬሞውን የሚችሉበት አቅም እንዳላቸው አያለሁና።

የሚያናድደኝ ክዳኑ ነው። ጣታቸው በመድኃኒቱ ስለደነዘዘ ራሳቸው መክፈት አይችሉም፤ ለታማሚ የሚሸጥ ዕቃ እንዲህ መጥበቅ አልነበረበትም። አምራቹ ቢያስብበት ምንኛ ደስ ባለኝ! እስከዚያው ከቤት ስወጣ መምጠጫ ባለው ኩባያ ቀድቼላቸው እሄዳለሁ። ከተከፈተ በኋላ ከፍሪጅ ውጭ ከ4 ሰዓት በላይ ስለማይቀመጥ፣ ቆይቼ የምመጣ ከሆነ ጎረቤት እንዲከፍትላቸው እነግራለሁ።