ለክራከር ጤፍ ወይስ በቆሎ?

ግሉተን (ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለ ፕሮቲን) ለማይስማማው ሰው ቤት ውስጥ ክራከር ለመጋገር ጅማ ላይ ሁለቱም እህል እንደልብ ይገኛል። እኔ ጤፍን እመርጣለሁ። ዱቄቱ ከተፈጨ ተልባ፣ ከዘይትና ከውሃ ጋር ሲታሽ ይያያዛል። በሁለት ፕላስቲክ መሃል አድርጎ ስስ እስኪሆን መዳመጥ ይቻላል። በ180 ዲግሪ ጠርዙ እስኪደርቅ ይጋገራል፤ ሲቀዘቅዝ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ጥቁር አዝሙድ ጣል ካደረጉበትማ ወሬ የለውም!

በቆሎ ዋጋው ቀለል ይላል፣ ጣፈጥ ስለሚልም ለልጆች ይመቻል። ግን በቀዝቃዛ ውሃ ከታሸ ሲዳመጥ ይፈረካከሳል። የፈላ ውሃ ይፈልጋል።

ለሁለቱም አደራ የምለው ወፍጮውን ነው። ቀድሞ ስንዴ ወይም ገብስ ከተፈጨበት ብናኙ ይቀላቀላል። ሴሊያክ (ግሉተን ሲበላ አንጀት የሚጎዳበት በሽታ) ላለበት ሰው ያቺ ትንሽ ብናኝ ትጎዳለች። እህሉን ለቅሞ ቤት ውስጥ በንጹህ መፍጫ መፍጨት ይሻላል።