የማያርፍ የሽንት ቤት ፓምፕ፦ ይጠገን ወይስ ይቀየር?

ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር፣ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ያለ ቤታችሁ ፍሳሹን እየፈጨ ወደ ላይ የሚገፋ ፓምፕ ካለውና ቀን ከሌት የሚጮህ ከሆነ፣ መጀመሪያ የመቀመጫውን ውሃ ዝጉ። ዝም ካለ ፓምፑ ጤነኛ ነው፤ የሚያፈሰው የውሃ ሳጥኑ ነው፣ እሱ ደግሞ በርካሽ ይሠራል።

ካላረፈስ?

መጠገን፦ ወጪው ትንሽ፣ ሥራው ግን ይቀፋል። ሶኬቱን ነቅላችሁ፣ ጓንት አጥልቃችሁ ትከፍታላችሁ። ሞተሩን የሚያስነሳው ስስ ጎማ ላይ ነጭ ዝቃጭ ተጋግሮ ሊሆን ይችላል። ወይም ቼክ ቫልቩ (ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው ክዳን) አልዘጋ ብሎ የወጣው ውሃ ተመልሶ ይገባል፣ ፓምፑም ያንኑ ውሃ ሲገፋ ይውላል።

መቀየር፦ ውድ ነው፤ እዚህ ከጠፋም ከአዲስ አበባ ማስመጣት ሊኖር ነው።

ሞተሩ ደህና ከሆነ እኔ አጥቤ እሞክራለሁ። የተቃጠለ ከሸተተ ወይም ቤቱ ለእንግዳ የሚከራይና ሽንት ቤቱ አንድ ብቻ ከሆነ ግን ይቀየር።