«ጣና ያስታውሰኛል»፦ የቅዳሜው የአይኤልትስ ክፍል

ፔዳ ግቢ አካባቢ የሚሰጥ የአይኤልትስ (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) ማጠናከሪያ ባለፈው ወር ጨረስኩ። ስድስት ቅዳሜ፣ 1,800 ብር። የማማርረው ስላለኝ ስሙን አልጠራም። የባሕር ዳር ልጆች ግን በፎቁ ደረጃ ታውቁታላችሁ፤ ሲወጡት ያስለከልካል።

አስተማሪያችን ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ጋሼ ነው የምንላቸው። በሁለተኛው ቅዳሜ ስለምትወዱት ቦታ ተናገሩ አሉን። እኔ ሌላ ምን አወራለሁ? ተነስቼ በኩራት «ሌክ ጣና ሪሜምበርስ ሚ ማይ ቻይልድሁድ» አልኩ። ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጣና ያውቅሻል እንዴ ልጄ? መቼ ተዋወቃችሁ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ጉዱ ያለው «አስታወሰ» ላይ ነው። የድሮ ጎረቤቴ ያስታውሰኛል፤ ጣናም ልጅነቴን ያስታውሰኛል። ለእኛ አንድ ግስ ነው። እንግሊዝኛው ግን ለሁለት ይከፍለዋል። ጎረቤቴ ራሱ አልረሳኝም፣ እሱ «ሪሜምበር» ነው። ጣና ልጅነቴን ትዝ እንዲለኝ ያደርጋል፣ እሱ «ሪማይንድ» ነው። ስለዚህ «ጣና ሪማይንድስ ሚ ኦፍ ማይ ቻይልድሁድ»። «ኦፍ»ን መዋጥ የለም። ስንት ዓመት ሙሉ «ሪሜምበር ሚ ቱ ኮል ሂም» ስል ኖሬያለሁ! ደግሞ «ሪሜምበር ሚ ቱ ዩር ማዘር» የሚባል ቆየት ያለ አነጋገር አለ። ትክክል ነው። ትርጉሙ ግን እናትህን ሰላም በልልኝ ነው።

ከዚያ ጋሼ የቤታቸውን ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡ። «አይ ሪሜምበርድ ቱ ሎክ ዘ ዶር» ሲሉ፣ ሳልረሳ ቆለፍኩ ማለታቸው ነው። «አይ ሪሜምበር ሎኪንግ ዘ ዶር» ሲሉ ደግሞ መቆለፌ ትዝ ይለኛል። ቁልፉን እያሽከረከሩ ሃያ ደቂቃ በዚህ ብቻ አቆዩን። ለእኔ ብሬ እዚያ ላይ ወጣልኝ። ከ11 እስከ 14 ደቂቃ የሚወስደውን የቃል ፈተናም እያንዳንዳችንን አስቀምጠው አለማምደውናል።

አሁን ወደ ብስጭቴ። የማዳመጥ ልምምዱ በስልክ ስፒከር ነው። ቅዳሜ ደግሞ ሰርገኛው ፎቶ ሊነሳ ወደ ሐይቁ ሲያልፍ ክላክሱ አያስሰማም። ጋሼ አዝነውልን ሦስት ጊዜ ይደግሙታል። ፈተናው ላይ የሚሰማው አንዴ ብቻ ነው! በደግነታቸው አሳነፉን። ጽሑፍም እንዲሁ። በ60 ደቂቃ አንዱን 150፣ ሌላውን 250 ቃል መጻፍ ሲገባን፣ ሰዓት ተይዞብን አንድም ቀን አልጻፍንም። የቤት ሥራችን ታርሞ የሚመለሰው በሁለት ሳምንቱ ነው።

ለመናገርና ለሰዋስው ሂዱ። ማዳመጡን ቤታችሁ በኢርፎን፣ አንዴ ብቻ እየሰማችሁ ተለማመዱ። ከሄዳችሁ ደግሞ በመስኮቱ በኩል አትቀመጡ፤ አይዘጋም።