ዱላው ልኬ አልነበረም፦ አዲስ አበባ የወሰድኩት የጎልፍ ትምህርት

ዘንድሮ ለአምስት ሳምንት አገር ቤት ስገባ የጎልፍ ዱላዎቼን ይዤ ነበር። ሜሪላንድ አራት ዓመት ሙሉ በራሴ ስለፋ ኳሷ ወደ ግራ እየሄደች አስቸግራኛለች። እናም አዲስ አበባ ላይ ስድስት ቀን ትምህርት ወሰድኩ።

አሰልጣኙ ከልጅነቱ ጀምሮ ሜዳ ላይ የተጫዋች ቦርሳ ተሸክሞ ያደገ ነው። መጀመሪያ ምንም አላረመኝም። አሥር ኳስ ስመታ ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ ሰባት ቁጥሩን ዱላ ተቀብሎኝ ገለበጠውና ሥሩ ላይ ያለውን ጭረት በጣቱ አሳየኝ። የተፋቀው ተረከዙ፣ ማለትም ወደ እጀታው የሚጠጋው ጎን ብቻ ነው። ጫፉ እንደ አዲስ ያበራል።

"እትዬ፣ ይሄ ዱላ ልክዎ አይደለም" አለኝ።

ኳሷ ላይ በማርከር ቀጥ ያለ መስመር አሰመረ። መስመሩን ወደ ዱላው ፊት አዙሮ "ይምቱ" አለ። ቀለሙ ብረቱ ላይ ታተመ፤ ግን ጋደል ብሎ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ57 ነው። ዱላዎቹ ከእኔ ለሚረዝም ሰው የተሠሩ ናቸው። ስመታ ጫፉ ይነሳል፣ ተረከዙ ሣሩን ይይዛል፣ ኳሷም ወደ ግራ ትሄዳለች። አራት ዓመት ራሴን ስወቅስ ኖሬያለሁ! የሸጠልኝ ሱቅ ቁመቴን እንኳ አልጠየቀኝም። በጣም ነው ያናደደኝ።

አሰልጣኙ ምንም ሊሸጥልኝ አልሞከረም። "ሲመለሱ የዱላውን አንገት በማሽን ያስተካክሉልዎታል። እስከዚያ እጅዎን እጀታው ላይ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አድርገው ይያዙት" አለኝ። በዚያው ቀን ኳሷ መቃናት ጀመረች። የቀሩት ቀናት አመታቴን በማረም አለቁ። ወገቤ ሳይዞር እጄ ይቸኩላል። "ይሄ የገና ጨዋታ አይደለም፣ ጥንጓን አያሳዱ" ይለኝ ነበር። አባባሉ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ወደ 10 በመቶ ያህል ርቃ ትሄዳለች። እዚያ በመታችሁት ርቀት ተደስታችሁ ዱላ እንዳትቀይሩ።

ቅሬታዬ የመለማመጃ ኳሶቹ ማርጀታቸው ነው። የራሳችሁን ኳስና ጓንት ያዙ። ክረምት ከሆነ ጠዋት ጠዋት ቅጠሩ፣ ከሰዓት ዝናቡ አያስመታም። ቦርሳ ለሚይዝላችሁ ልጅም ጉርሻ አትርሱ፤ የሣሩን ዝንባሌ ከእናንተ በላይ ያውቃል።

ሜሪላንድ ስመለስ ባለሙያ ለክቶ አንገቱን ሁለት ዲግሪ አስተኛልኝ፣ እጀታውንም ግማሽ ኢንች አሳጠረልኝ። ያንኑ የማርከር ሙከራ ደገምኩት። መስመሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። ፎቶውን ለአሰልጣኙ ላክሁለት። ወዲያው መለሰልኝ፦ "እሰይ! አሁን እጅዎን ወደ ላይ ይመልሱ፣ ዝቅ አድርገው መያዝዎን ይተዉ።"