ሽሮ ሜዳ ለበዓል ስጦታ፦ ጋቢውን ከዚያ፣ ጀበናውን ከቀጨኔ

ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ ሲወጡ፣ የአሜሪካን ኤምባሲ አለፍ ብሎ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዞ የተዘረጋው የሽሮ ሜዳ ገበያ ለበዓል ስጦታ ከአዲስ አበባ ገበያዎች ሁሉ የምናስቀድመው ነው። በሸማ በኩል፣ በተለይ በጋቢ፣ የሚወዳደረው የለም። በልብስ ስፌት መካከለኛ ነው። በቡና ዕቃ ግን ደከም ስለሚል ለጀበና ሌላ ሰፈር መሄድ ይሻላል።

የሸማው ጥንካሬ ምክንያት አለው። ከጋሞ ደጋ፣ በተለይ ከዶርዜ የመጡ ሸማኔዎች አካባቢውን ከሰፈሩበት ብዙ ዘመን ሆኗል፤ ሸማው የሚሠራውም የሚሸጠውም እዚያው ነው። ብዙ ሻጮች ሸማኔውን በስም ያውቁታል። ጥለቱ ቢዛነፍ ወይም መጋጠሚያው ቢላቀቅ የሚያርመው ሰው ሩቅ አይደለም፤ ሌላ ሰፈር ካለ ቡቲክ ሲገዙ ይህ አይገኝም።

ስጦታው ጋቢ ይሁን የምንለው ለሦስት ነገር ነው። ልክ አይጠይቅም፤ ለወንድም ለሴትም ይሆናል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለእንግዳም ይተርፋል። ትርፍ ጋቢ ያለበት ቤት፣ በታኅሣሥ ብርድ ለገና የመጣ ዘመድ ሲያመሽ ከትከሻው ጣል የሚደረግለት አያጣም። ግን ጋቢ የተባለ ሁሉ ጋቢ አይደለም። ጋቢ አራት ድርብ ነው። ሁለት ድርብ የሆነው ኩታ ነው፤ ከጋቢም ወፍሮ የሚከብደው ብሉኮ ነው። በበዓል ዋዜማ ግርግር ኩታ በጋቢ ዋጋ ይዞ የሚመለስ ሰው ጥቂት አይደለም። መለየት ቀላል ነው፦ አንዱን ጥግ ይያዙና ድርቦቹን በጣትዎ እያላቀቁ ይቁጠሩ። አንዳንዱ ሻጭ አጣጥፎ ስለሚሰጥ ወፍራም ይመስላል፤ ሙሉ በሙሉ ሳይዘረጋ ዋጋ አይነጋገሩ።

ቀጥሎ ክሩ ነው። ድሩ፣ ማለትም በቁመት የሚወጠረው፣ ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካ ክር ነው፤ ይህ ነውር የለውም፤ ጠንከር ያለ ስለሆነ ሲወጠር አይበጠስም። ጋቢውን የሚያሞቀው ማጉ፣ ማለትም በአግድም የሚገባው ክር ነው። በእንዝርት የተፈተለ ማግ ላላ ያለ፣ አንድ ቦታ ወፈር ሌላ ቦታ ቀጠን የሚል ነው፤ በውስጡ አየር ይይዛል፤ ሙቀቱም ከዚያ ይመጣል። ማጉም የፋብሪካ ከሆነ ፊቱ እኩልና ልሙጥ ይሆናል፤ ለዓይን ያምራል፣ ለገላ ግን ይቀዘቅዛል። አንዱን ድርብ ብቻ ለይተው ወደ ብርሃን ቢያነሡት የእጅ ፈትል ጉብ ጉብ እያለ ይታያል። በዚያው ቅጽበት ጥግግቱንም ይዩ። እንደ ወንፊት ብርሃን የሚያስገባ ከሆነ ማጉ በደንብ አልተመታም። በሁለት አውራ ጣት ግራና ቀኝ ሳብ ያድርጉት፤ ክሮቹ ተንሸራተው ክፍተት ከቀረ፣ ያ ጋቢ ጥቂት ጊዜ ታጥቦ መሳሳቱ አይቀርም።

ጥጥ ነው ወይስ ሰው ሠራሽ ክር የተቀላቀለበት የሚለውን እሳት ይለየዋል። ሻጩን ከጫፉ አንዲት ክር ይለምኑና በክብሪት ያቃጥሏት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ ሽታውም የተቃጠለ ወረቀት ነው፣ አመዱ በጣት ሲነካ ይበናል። ፖሊስተር ከሆነ ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። በዕቃው የሚተማመን ነጋዴ ይህን አይከለክልም፤ ከከለከለ ቀጣዩ ሱቅ ጥቂት እርምጃ ነው። ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ ጋቢም ያጠራጥራል፤ ስታርች ያደነደነው ከሆነ መጀመሪያ ሲታጠብ ይሟሽሽና እውነተኛው ስስነቱ ይወጣል።

ልክ አይጠይቅም ብንልም ርዝመት ይጠይቃል። እጅን ግራና ቀኝ ሲዘረጉ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ያለው ስፋት ከቁመት ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ጋቢውን በረጅሙ ይዘው እጅዎን ይዘርጉ፤ ቢያንስ አንድ ክንድ መትረፍ አለበት። ተቀባዩ ከእርስዎ የሚረዝም ከሆነ ልዩነቱን ይጨምሩ፤ የእጅ ፈትል መጀመሪያ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብም አንድ ስንዝር ያክሉ። የሸማኔው ዕቃ ጠባብ በመሆኑ ጋቢ መሃሉ ላይ ይጋጠማል። ግጥሙን ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ዘርግተው በመዳፍዎ ያስሱት፤ ከአሁኑ ከተሸበሸበ ውኃ ሲነካው ይብሳል። የግራው ጥለት ከቀኙ ጋር በግጥሙ ላይ ካልተገናኘ ደግሞ ሥራው በጥድፊያ ያለቀ ነው ማለት ነው።

ጥለቱን መጨረሻ ላይ ማየት ይሻላል። ብዙ ገዢ ከእሱ ይጀምርና ገንዘቡን በሙሉ ለእሱ ይከፍላል። ሰፊ ጥለት ዋጋ ያንራል እንጂ ሙቀት አይጨምርም፤ ለአባትና ለአያት የሚሆን ጋቢ ጠበብ ያለ፣ ረጋ ያለ ቀለም ያለው ቢሆን ያምርበታል። ወርቀ ዘቦ ያለበት አንገት ይቧጭራል፣ ለቀሚስ ይተውት። ነጭ መሐረብ አርጥበው ቀለሙ ላይ ለግማሽ ደቂቃ ይጫኑ፤ መሐረቡ ከቀላ ወይም ከጠቆረ ነጩ ጋቢ በመጀመሪያው እጥበት ይበላሻል። የታተመ ጨርቅን ከተሸመነ ጥለት ለመለየት ደግሞ ገልብጠው ይዩት። የተሸመነው በጀርባውም ክሩ ይታያል፤ የታተመው በጀርባው ፈዛዛ ነው።

ስጦታውን ሲሰጡ የአያያዙን ነገር በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ያያይዙበት፤ ብዙ ጥሩ ጋቢ የሚጠፋው በእጥበት ነውና። መጀመሪያ ብቻውን፣ በቀዝቃዛ ውኃና በለስላሳ ሳሙና፣ በእጅ ይታጠብ። በረኪና ጥጡን ስለሚያዳክመው አይነካው። አይጠመዘዝም፤ በመዳፍ እየተጫኑ ውኃውን ማውጣት ነው። ሲሰጣ በአንድ ገመድ ላይ አይንጠልጠል፤ የረጠበው ክብደት ወደ ታች ስቦ ቅርጹን ያበላሸዋል፤ በሁለት ትይዩ ገመዶች ላይ ይነጠፍ። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ድርቦቹን እርስ በርስ ያንሸራትትና አንድ ጥግ ላይ ያከማቻቸዋል።

ለእናት ነጠላ የሚያሳፍር ስጦታ አይደለም፤ የክሩም የቀለሙም ምርመራ ያው ነው። ቀሚስ ግን በሌለ ሰው ልክ ማሰፋት ያደናግራል። የግድ ከሆነ፣ ተቀባይዋ የምትለብሰውንና ልኳ የሆነውን ቀሚስ በቤተሰብ በኩል ተውሰው ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ የእጅ ርዝመትና ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት ይለኩ። ሰፊውን በጎንና ጎን ስፌት ውስጥ ሦስት ሦስት ሴንቲሜትር ትርፍ እንዲተው ይንገሩት፤ ከጠበበ ይፈታል፣ ከሰፋ ይገባል። የሽሮ ሜዳ ስፌት ቅር የሚያሰኘው በቀጠሮው ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚባልበት አገር ነውና ከገና እስከ ጥምቀት ባሉት ቀናት ሁሉም ሰው የሚፈልገው አንድ ቀን ነው፤ ሰፊው የተቀበለውን ሁሉ ለማድረስ ሲሮጥ ዘርፉ ሳይከተፍ፣ ገበሩ ሳይስተካከል ያስረክባል። ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ይዘዙ። ቀብዱ ከግማሽ አይብለጥ፤ ደረሰኙ ላይ የሚረከቡበት ቀን ይጻፍ፤ ከመረጡት ጥለት ክር ቆርጠው ይያዙ፤ ሲረከቡ ከቀሚሱ ጋር ያመሳክሩት።

ገበያው የሚመቸው በሥራ ቀን ጠዋት ነው። በሱቅ ውስጥ አምፑል ሥር ነጭ ሁሉ አንድ ስለሚመስል ጨርቁን ወደ ደጅ አውጥተው በፀሐይ ብርሃን ይዩ። ዋጋ በበዓል ሰሞን በየቀኑ ስለሚንቀሳቀስ እዚህ ቁጥር መጻፍ አይጠቅምም፤ የሚጠቅመው አጠያየቁ ነው። የጨርቁን፣ የጥለቱንና የስፌቱን ዋጋ ለየብቻ ያስነግሩ። በጅምላ «መጨረሻው ስንት ነው?» የሚል ገዢ የትኛው እንደተወደደበት አያውቅም፤ ለየብቻ ሲነገር ግን ጥለቱን በማጥበብ ብቻ ዋጋው ምን ያህል እንደሚወርድ ይታያል።

ወደ ቡና ዕቃው እንምጣ። ሸማ ከሚሸጥባቸው ሱቆች ጎን ጀበናና ረከቦት የሚደረድሩ አሉ፤ ከእነዚህ ጀበናዎች ብዙዎቹ ለጌጥ እንጂ ለእሳት አይሆኑም። ለሚፈላበት ጀበና እዚያው ጉለሌ ውስጥ ቀጨኔ ይሂዱ፤ ሸክላ የሚሠሩት ሴቶች ከእጃቸው ይሸጡልዎታል፣ እንዴት እንደተተኮሰም ይነግሩዎታል። ሲመርጡ በጣትዎ ጥፍር ቆርቆር ያድርጉት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፤ የታፈነ ድምፅ ስንጥቅ ወይም ያልበሰለ ሸክላ አለ ማለት ነው። ከዚያ ውኃ ይሙሉበትና ጥቂት ያቆዩት። ትንሽ ማላብ የአዲስ ሸክላ ጠባይ ነው፤ ጠብ ጠብ ካለ ግን ይመልሱት። መጀመሪያ የሚሰነጠቀው እጀታውና ማፍሰሻው ከሆዱ ጋር የሚጣበቁበት ቦታ ስለሆነ ዙሪያውን በደንብ ይዩ። በእርጥብ ጨርቅ ሲፈትጉት ቀለም የሚለቅ ወይም ቫርኒሽ የሚሸት ከሆነ ቡናው ውስጥ ይገባልና አይግዙት።

ጀበና ስጦታ ሲሆን ተሟሽቶ ቢሰጥ እንዴት ያምራል! ሥራው የአንድ ቀን ተኩል ነው። አንድ ሌሊት ውኃ ሞልተው ያሳድሩት፣ ጠዋት ያንን ደፍተው ንጹሕ ውኃና የተጠራቀመ የቡና አተላ ይጨምሩበት፣ በለዘበ ፍም ላይ ቀስ እያለ ይፍላ፣ ራሱ ይቀዝቅዝ፤ ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ይድገሙት። አተላው የሸክላውን ቀዳዳዎች ይደፍናል፣ የአፈር ጣዕሙንም ያወጣል። ትኩስ ጀበና ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ከጨመሩ ይሰነጠቃል። ሸክላ ሳሙና ስለሚመጥ በውኃ ብቻ ይለቅለቅ፤ ውትፉ ሳይደረግበት፣ አፉ ክፍት ሆኖ ይድረቅ፣ ካልሆነ ይሻግታል። ማቶቱን አብረው መስጠት አይርሱ፤ ክብ ቂጥ ያለው ጀበና ያለ ማቶት አይቆምም።

ለሲኒ እዚህ ብዙ አንቆይም፦ አሥራ ሁለት ይሁኑ እንጂ ስድስት አይሁኑ፣ በዓል ላይ ሁልጊዜ ሰው ይጨመራልና። ረከቦቱ እነዚህን ሳያጨናንቅ መያዙን እዚያው ደርድረው ያረጋግጡ። ያልደረቀ እንጨት በጥቂት ወራት ይጣመማል፤ ረከቦቱን እኩል ወለል ላይ አስቀምጠው አራቱንም ጥግ ይጫኑ፣ ከተወዛወዘ ሌላ ይምረጡ።

ስጦታው ቤት ከደረሰ በኋላ ዋዜማው የሚጣፍጠው በቄጠማና በእጣን ነው፤ ሁለቱም ርካሽ ናቸው፣ ሁለቱም በቀላሉ ይበላሻሉ። ቄጠማ በዋዜማው ይገዛል። በላስቲክ ታስሮ ካደረ ይግላል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ይሸታል፤ እስሩን ፈትተው ሥሩን ወደ ታች አድርገው ትንሽ ውኃ ባለው ባልዲ ጥላ ሥር ያቁሙት። በዓሉ ጠዋት ውኃውን አራግፈው ይጎዝጉዙ። የዛሬ ቤት ወለል ሴራሚክ ነው፤ እርጥብ ቄጠማ ሴራሚክ ላይ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፣ አያትን ለመጣል አንድ እርምጃ ይበቃዋል። ቤቱን ሁሉ ከመጎዝጎዝ ሰሌን ዘርግተው ረከቦቱ ሥርና ዙሪያው ብቻ ሳሳ አድርገው ቢበትኑት ውበቱም አይጎድል፣ ሰውም አይወድቅ። በሩ መግቢያ ላይ አይበትኑ።

እጣን ሲገዙ ቅርፊትና አሸዋ ያልበዛበትን፣ ነጣ ወይም ቢጫ ብሎ ብርሃን የሚያሳልፈውን ይምረጡ። ትልቅ ድብልብል በቀይ ፍም ላይ ከወደቀ ይነድና ዓይን የሚያቃጥል ጭስ ይሰጣል። በሽምብራ ፍሬ ልክ ይሰባብሩት፣ ፍሙ አመድ እስኪለብስ ይጠብቁ፣ አንድ አንድ ፍሬ ይጨምሩ። ከሰሉን ደጅ አቀጣጥለው፣ ጭሱ ካለቀ በኋላ ያስገቡ። ጭስ የሌለው ፍምም ሽታ የሌለው መርዘኛ ጋዝ ያወጣልና መስኮት ክፍት ይሁን፤ ቡናው ካለቀ ምድጃው ሰው ወደሚተኛበት ክፍል አይግባ።

ስጦታው ወደ ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ የሚሄድ ከሆነ ሁለቱን ዕቃዎች አንድ ላይ ይላኩ፤ ጋቢው የጀበናው መከላከያ ይሆናል። መጀመሪያ የጀበናውን ክዳን ለብቻው ያውጡ፣ አንገቱንና ማፍሰሻውን በጨርቅ ይጠቅጥቁ፣ ከዚያ ጋቢውን አራት ጊዜ ይጠቅልሉበትና ሻንጣው መሃል፣ ከጎኖቹ ሁሉ ርቆ ይቀመጥ። ከመላክዎ በፊት ተቀባዩ በምን እንደሚያበስል ይጠይቁ። ኢንዳክሽን ምድጃ ሸክላን ፈጽሞ አያሞቅም፤ እንዲህ ላለው ቤት ታቹ ማግኔት የሚስበው ብረት የሆነ ጀበና ይላኩ። የተለመደው የኤሌክትሪክ ምድጃ ከሆነ ከጀበናው ሥር ብረት ምጣድ ጣል ይደረግ፣ ሙቀቱ በአንድ ነጥብ እንዳይመታው። አፓርታማ ውስጥ ቡና ሲቆላ የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮሃል፤ መስኮት ከፍቶ በጥቂት በጥቂቱ መቁላት ነው። ረከቦት ሻንጣ ስለሚበላ እግሩ በብሎን የሚፈታውን ይምረጡ፣ ብሎኖቹንም በትንሽ ከረጢት አድርገው ከጠረጴዛው ሥር ይለጥፉ።