የማንቼ 10 ቁጥር ማሊያዬ፦ ከ14 ወር በኋላ

ነሐሴ 2016 ላይ ደሴ ፒያሳ ወጥቼ የማንቼስተር ዩናይትድን ቀይ ማሊያ በ900 ብር ገዛሁ። ኦርጅናል አይደለችም። ሻጩም አልደበቀኝም፤ «ኮፒ ናት፣ ግን አንደኛ ኮፒ! አብሽር!» አለኝ። 150 ብር ጨምሬ ከጀርባዋ «ራሽፎርድ 10» አስለጠፍኩባት። የገንዘቤ ኪሳራ እዚህች 150 ብር ላይ ነው። እመለስበታለሁ።

ጨርቋ ስስ ፖሊስተር ነው። ለደሴ ብርድ አትሆንም። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ በሚውልበት ቀን ይህችን ብቻ ለብሶ የወጣ ሰው ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። እኔ ከውስጥ ሹራብ እለብሳለሁ፤ ቦርጫም ያስመስለኛል፣ ግን ያሞቃል። ኮምቦልቻ ስወርድ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደህ ሙቀቱ ሲቀበልህ ገላህ ላይ ልጥፍ ትላለች። ላብ ስለምትይዝ ሁለት ቀን አትለበስም። ደግነቷ ቶሎ መድረቋ ነው። በክረምት ጂንሱ ሁለት ቀን ሽቦ ላይ ሲንጠባጠብ፣ እሷ ማታ ታጥባ ጠዋት ትለበሳለች።

በመጀመሪያው እጥበት ቀለሟን ለቀቀች። ሳፋው ቀይ ሥር የተቀቀለበት መሰለ። አብሯት የታጠበው የወንድሜ ነጭ ካናቴራ እስከ ዛሬ ሮዝ ነው። ጥቅምት ላይ አሠልጣኛችን ቴን ሃግ ተሰናበተ፤ ኅዳር ላይ በቦታው አሞሪም ገባ። ደረቷ ላይ ያሉት የስፖንሰሩ ፊደላት መላጥ የጀመሩትም ያኔ ነው።

ጥር 11 ቀን «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ብዬ አጥቤ፣ ቀዝቀዝ ባለ ካውያ ተኩሼ ለበስኳት። ታቦት ሸኝቼ ቀጥታ ዲኤስቲቪ ቤት ገባሁ። 11 ሰዓት ላይ ከብራይተን ጋር ነበርን፣ በሜዳችን። 3 ለ 1 ተሸነፍን። ከጨዋታው በኋላ አሞሪም ራሱ «ምናልባት በክለቡ ታሪክ ደካማው ቡድን እኛ ነን» አለ። አሠልጣኙ እንዲህ ካለ እኛ ምን እንበል? አጠገቤ የነበረ የአርሴ ደጋፊ ማሊያዬን አየት አድርጎ፣ «ጸበሉ አልደረሳትም እንዴ?» አለኝ።

ራሽፎርድ በዚያ ቀን አልተጫወተም። ጥር ሳያልቅ በውሰት ወደ አስቶን ቪላ ሄደ። ከዚያ በኋላ በሰፈራችን የባጃጅ ተራ ማለፍ ፈተና ሆነብኝ። «ቪላ ገባህ አሉ፣ እንኳን ደስ ያለህ!» ይሉኛል። የቤት ኪራይ አሳሩን ያበላውን ሰው!

ስፌቷን በተመለከተ አንድ ሌሊት ብቻ ልናገር። ሚያዝያ 9፣ ጸሎተ ሐሙስ። እናቴ ጉልባኑን አቅርባ፣ «አንተ ልጅ፣ ዛሬ እንኳ ቢቀርብህ ምን አለ?» አለችኝ። አልቀረብኝም። በዩሮፓ ሊግ ከሊዮን ጋር የመልሱ ጨዋታ ነው፤ በመጀመሪያው 2 ለ 2 ወጥተናል። ማታ 4 ሰዓት ተጀመረ። 2 ለ 0 መራን። አገቡብን፣ ደገሙን፣ 2 ለ 2። በቀይ አንድ ሰው ጎድሎባቸው እንኳ በጭማሪው ሰዓት ሁለት ጨመሩብን፤ 4 ለ 2። ግማሹ ሰው ሒሳቡን ከፍሎ ወጣ። እኔም ተነስቼ ነበር። ጃኬቴን እየፈለግኩ ሳለ በ114ኛው ደቂቃ ብሩኖ ፍጹም ቅጣት ምት አገባ። ቆሜ ቀረሁ። በ120ኛው ማይኑ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ማጓየር በግንባሩ! ሁለቱን እጆቼን ወደ ላይ ስወረውር የቀኝ ብብቴ «ጧ!» አለ፤ ማሊያዋ እስከ ጎኔ ተተረተረች። አላየኋትም። የማላውቀው ሰው «ወላሂ አላምንም! ወላሂ አላምንም!» እያለ አንገቴን አንቆ ይስመኛል። 5 ለ 4፤ በድምሩ 7 ለ 6። ያን ሌሊት በተቀደደ ማሊያ በደሴ ብርድ ወደ ቤት ስሄድ አልበረደኝም።

ልብስ ሰፊው በ50 ብር ደርቦ ሰፋልኝ። ዛሬ ጠንካራው ስፌቷ እሱ ነው። የግራ ብብቷን አላምነውም።

ግንቦት 13 ቢልባኦ ላይ ለዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ ደረስን። ቶተንሃም 1 ለ 0 አሸነፈን፤ በዚያ ዓመት ብቻ ለአራተኛ ጊዜ። በሊጉ እነሱ 17ኛ፣ እኛ 15ኛ ሆነን ጨረስን። ከ38 ጨዋታ 18 ሽንፈት፣ 42 ነጥብ። ክለቡ እ.ኤ.አ. በ1974 ከወረደ ወዲህ እንዲህ ያለ ዓመት አልገጠመውም። መውረድ ምን እንደሚመስል ደግሞ የወሎ ሰው ከቴሌቪዥን ብቻ አይደለም የሚያውቀው። ወልድያ ያን የሚያክል ስታዲየም ይዞ በ2010 ከኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ሲወርድ አይተናል። ያኔ የተናደድኩትን ያህል በማንቼ አልተናደድኩም፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ትገዛ ወይ? ለ900 ብር አዎ፣ ትገዛ። አንድ ቁጥር ከፍ ያለውን ውሰዱ፤ ስትታጠብ ባታጥርም ሹራብ ለመደረብ ይመቻል። በረኪና አታስጠጓት፣ ገልብጣችሁ እጠቧት። ስም ግን አታስለጥፉ። ባዶዋን ልበሱ።

ባለፈው ሳምንት የራሽፎርድን ስም ላስነሳ ወደዚያው ሰፊ ወሰድኳት። ካውያውን አግሎ በጨርቅ ላይ ተጫናት፣ ፊደላቱን አንድ በአንድ ላጣቸው። ከፊደላቱ ሥር ያለው ጨርቅ ፀሐይ ስላልነካው እንደ አዲስ ቀይ ነው፤ ስሙ አሁንም ይነበባል። ሰፊው ሳቀና፣ «ቁጥሯንም ላንሳት?» አለኝ።

«ተዋት» አልኩት። «10 ቁጥርን አሁን ኩኛ ለብሷታል።»